ባለ ሦስት አፏ መገጣጠሚያ

ጥር 9
የቧንቧ ዕቃ ሱቄ ቀዝቅዞ ዋለ። ሁለት ቧንቧ ሠራተኞች ብቻ... ቤት ስገባ እናቴ ጋደም ብላለች፤ እንቅልፍ ላይ ትንፋሿ እንዳይቋረጥ በማስክ የሚነፋላት ማሽን ያጓራል። ለአስሟ ደግሞ መድኃኒቱን ጉም የሚያደርግ ሌላ ዕቃ አለ። እሱን ለመሳብ ማስኩን ማውለቅ አለባት። “አንዴ ካጠለቅሁት አላወልቅም፣ ፊቴ ተላጠ” አለች። ሁለቱን በአንድ ቱቦ ማገናኘት ያቅተኛል? ዕድሜ ልኬን የምሸጠው ምን ሆነና!

ጥር 10
ከመደርደሪያ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ አወረድሁ። ፊቷ ላይ እንዳትከብዳት ከማስኩ አርቄ፣ ቱቦው ከማሽኑ የሚነሣበት ላይ ገጠምኋት። በሦስተኛው አፏ የጉሙን ዕቃ ሰክቼ፣ አየር እንዳታስወጣ ዙሪያዋን በቴፍሎን ጠቀለልሁ። ትንፍሽ አትልም። ለቧንቧ ሠራተኛው ደንበኛዬ ሳወራለት፣ “ጋሼ፣ ሆስፒታል ይክፈቱ እንጂ!” አለኝ። ሳቅን። ሐኪሟን ልጠይቅ ነበር... ለዚች ትንሽ ነገር?

ጥር 16
“እንዴት ነሽ?”
“በጣም ደህና። እጅህ ይባረክ።”

ጥር 24
ደረጃው ላይ ትንፋሿ እያፏጨ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች። “ጉልበቴ ነው” አለች። ጉልበት ያፏጫል እንዴ?

ጥር 26
ቱቦውን ላጥብ ነቅዬ ስዘቀዝቀው እጄ ላይ ውሃ ፈሰሰ። በምላሴ ነካሁት። መረረኝ። መድኃኒቱ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ቱቦ ሲጠጣው... ደረቷ የደረሰው ስንቱ ይሆን?
“እንዳልተሻለሽ ለምን አልነገርሽኝም?”
“ለደንበኛህ ሁሉ አወራህ። እኔ ምን ብዬ ላሳፍርህ?”
“የሸጥሁት ዕቃ ካፈሰሰ መልሱልኝ የምል ሰው እኮ ነኝ!”
“ታዲያ እኔ ደንበኛህ ነኝ?”
መገጣጠሚያዋን ፈታሁ።

ጥር 27
ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። “መንገዱ ረዘመ፤ ጉሙ ሳይደርስ ቱቦው ላይ ይቀራል። ለዚሁ የተሠራ መገጣጠሚያ አለ። ለማሽኗ የሚስማማ መሆኑን እስካጣራ ግን ማስኩን አውልቃ ትሳብ” አለች። ከዚያ ደረቷን አዳመጠች። ብዙ ቆየች...

የካቲት 3
መገጣጠሚያዋን ወደ መደርደሪያ አልመለስኋትም። ዕቃ ምን አጠፋ? ያጠፋሁት እኔ።
ጠዋት ማስኩን አውልቃ፣ መድኃኒቷን ስባ ጨርሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። “እንዴት አደርሽ?” አልኋት።
“ክፉኛ። ስቤም አልለቀቀኝም።”
ደነገጥሁ። ግን እውነቱን ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። ሱቅ ሳልከፍት ወደ ሐኪሟ ይዣት ወጣሁ።
“ደህና ነኝ ብልህ ይሻል ነበር?”
“አይሻልም።”
“እንግዲያው ቀስ በል። ደረጃውም ከብዶኛል።”
ቀስ አልሁ።