ድንጋዩ ምንም አላጠፋም

ውድ እትዬ፣

ጉልበትዎ ተሽሎዎት ከአልጋ እስከ መስኮት ያለ ምርኩዝ መሄድ መጀመርዎን እህትዎ በስልክ ነግረውኛል። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሱቁ ደህና ነው። የሐኪሟ ካፖርት ተሰጥቷል፤ የአስተናጋጆቹ ሰደርያ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው። የሥራ ጓደኛዬ ሬዲዮም እርስዎ እንዳወጡላት ስም ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ አትዘጋም፤ ከስፌት መኪናዋ ድምፅ የእሷ ይበልጣል።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ሱቁ ልነግርዎ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ የተሰነቀረ ነገር አለ። ፊት ለፊት ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ "ክር አለቀ፣ ልግዛ" ብዬ ወጥቻለሁ። ስለዚህ አሁን ሳልዞር ልበለው። ልጅዎ እኔን አልተወኝም። የተውኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት የተቀየሙት ልጅ ምንም አላደረገም።

እባክዎ ወረቀቱን አይቅደዱት። እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝና ከዚያ እንደፈለጉ ያድርጉት።

ያ ቅዳሜ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ትዝ ይልዎታል። ልጅዎ ከመድኃኒት ቤቱ ነጭ ጋውኑን እንኳ ሳያወልቅ መጣ። እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ የዋለውን ቀሚስ ጠርዝ እያጠፍኩ ነበር። አፌ ውስጥ አራት ስፒል ነበር። እሱም አጠገቤ ተንበረከከ። የወደቀ ቁልፍ የሚፈልግ መስሎኝ እኔም ወለሉን መፈለግ ጀመርኩ። ቀና ስል ትንሿን ሳጥን ከፍቶ ይዟል፤ ውስጧ አልማዝ ያለበት ቀለበት። "ታገቢኛለሽ?" አለኝ። ከልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ እርስዎ፣ እህትዎና ሬዲዮ ተጨናንቃችሁ ስትተነፍሱ ይሰማኛል።

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። "ቆይ፣ ስፒሉን ላውጣ" ማለቴ ነበር። "እሺ አለች!" ብለው መጋረጃውን ከነዘንጉ ይዘውት ወጡ።

ስፒሎቹን ካወጣሁ በኋላ "ቆዩ" ማለት እችል ነበር። አልክድም። ግን አንገቴን አቅፈው "ከእንግዲህ እማዬ በይኝ" ሲሉኝ እንባዎ ትከሻዬን አራሰው። እኔ በአስራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አባትም እናትም ሳይኖረኝ፣ አንድ ፌስታል ይዤ በርዎን ያንኳኳሁ ሰው ነኝ። መቀስ አያያዝ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስታመም ራስጌዬ ተቀምጠው ያደሩት እርስዎ ነዎት። የዚያን ቀን እምቢ ብል የማጣው እሱን አልነበረም፤ እርስዎን ነበር።

ልጅዎ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ እንዴት በቀለለኝ! ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ሲሄድ ግን መሄዱን የማውቀው ሰው ሲነግረኝ ነው። ወንድም ቢኖረኝ እንደዚያ የሚሆን ይመስለኛል። ይህን ለማን ልንገር? ለሬዲዮ አንድ ቀን ጫፉን ባነሳው "ምን ጎድሎሽ ነው? መልክ አለው፣ ሥራ አለው፣ አማትሽ ደግሞ እትዬ! እኔ ብሆን በእጥፍ አገባው ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው። ምንም አልጎደለኝም። የሚያንቀኝም ያ ነበር።

እርስዎ ከደስታዎ የተነሳ አላረፉም። በማግስቱ ቀለም ቀቢውን አምጥተው ፎቁ ላይ ያለውን የልጅዎን ክፍል ማስቀባት ጀመሩ። እጄን ይዘው አወጡኝና "ይኸው፣ ከአልጋሽ እስከ ስፌት መኪናሽ አስራ ሰባት ደረጃ ብቻ! ዝናብ አይነካሽ፣ ታክሲ አትጠብቂ" አሉኝ። ሳቅኩልዎ። ከዚያ በኋላ ግን ደረጃውን በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር መቁጠር አመጣሁ። አስራ ሰባት ወደ ላይ፣ አስራ ሰባት ወደ ታች። ዕድሜዬ በሙሉ እዚያ ደረጃ ላይ ተዘርግቶ ታየኝ።

ቀለበቱን "መርፌ እንዳይጭረው" እያልኩ ከሳጥኑ አላወጣሁትም ነበር። ልጅዎ አመነኝ። እንዲያውም ከሳጥኑ ስር ከድንጋዩ ምስክር ወረቀት ጋር ታጥፎ የተቀመጠውን ደረሰኝ አሳየኝ። ገዢው በአስራ አራት ቀን ውስጥ ድንጋዩን በፈለገው ባለሙያ አስመርምሮ፣ ካልተስማማው መመለስ ይችላል ይላል። "ሄደሽ አስመርምሪው" አለኝ። "እኔ መድኃኒት እንኳ ወረቀቱን ሳላነብ አልሸጥም። ሻጩ እውነተኛ ነው ስላለ ብቻ አንመን።"

ሬዲዮ ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ። "የአክስቴን ልጅ ቀለበት አስመርምረው ብርጭቆ ሆኖ ተገኘ! እዚያው ተጣልተው እዚያው ተለያዩ" አለች። እትዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መስኮት የተከፈተልኝ ያኔ ነው። ብርጭቆ ቢሆን ጥፋቱ የሱቁ እንጂ የልጅዎ እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ውሃ የወሰደው ሰው አረፋም ይጨብጣል። "ተታለልን፣ ገዱም አላማረም፣ ይቅርብን" እላለሁ፤ ማንም በእኔ አይፈርድም፤ እርስዎም እጄን ይዘው ያጽናኑኛል ብዬ አሰብኩ። ፈጣሪን "እባክህ ብርጭቆ አድርገው" ብዬ ለመንኩት። ሰው አልማዝ ሰጠኝ ብሎ ያመሰግናል፤ እኔ እንደዚህ ብዬ ጸለይኩ።

ቀኑን ስገፋ ስገፋ አስራ ሦስተኛው ቀን ላይ ደረስኩ። ለእርስዎ "ገበር ልገዛ" ብዬ ወጣሁ። መርማሪው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ ሰፊ በሆነች ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ቀለበቱን በአልኮል ጠረጉት፣ ተነፈሱበትና ጉሙ ወዲያው ሲጠፋ አዩ። እስክሪብቶ የመሰለች መሣሪያ ጫፏን ሲያስነኩት ጢጥ አለች። ከዚያ በወረንጦ ይዘው፣ ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ተክለው አገላበጡት። እኔ ፊታቸውን አያለሁ።

"አንድ ነገር አለ" አሉ።

ወደ ጠረጴዛው ተጠጋሁ። "እንከን ነው?"

"ጠርዙ ላይ ላባ የመሰለች ነጭ ጭረት።"

"ስለዚህ ይመለሳላ!"

"ለምን ይመለሳል? ሲፈጠር ጀምሮ አብራው ያለች ናት። ምስክር ወረቀቱም ላይ ተጽፋለች፤ ይኸውልሽ። ጠርዙ ላይ የተቀረጸው ቁጥርም ከወረቀቱ ጋር አንድ ነው። ጥሩ ድንጋይ ነው።"

"እርግጠኛ ነዎት? እስኪ እንደገና ይዩልኝ።"

እንደገና አዩልኝ። ሲጨርሱ መነጽሩን አውልቀው በዚያ ፈንታ እኔን አዩኝ። እንባዬ ጠረጴዛቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ለድንጋይ መጥረጊያ የሚሆነውን ለስላሳ ጨርቅ አቀበሉኝ።

"ልጄ፣ እዚህ ወንበር ላይ አርባ ዓመት ተቀምጫለሁ። ብርጭቆ ነው ስላቸው ያለቀሱ ብዙ ናቸው። እውነተኛ ነው ብያት ያለቀሰች ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ" አሉኝ። ቀለበቱን ሳጥኑ ውስጥ መልሰው ወደ እኔ ገፉትና "ድንጋዩ ምንም አላጠፋም። የመጣሽበትን ነገር እሱ አይናገርልሽም፤ አንቺው ተናገሪ" አሉኝ።

በማግስቱ፣ በአስራ አራተኛው ቀን፣ ፈሪ ስለሆንኩ መጀመሪያ ወደ ጌጣጌጥ ሱቁ ነው የሄድኩት። ልጅዎ ሳያውቅ መልሼው፣ ከዚያ ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ሻጯ ግን "ገዢው ራሱ ነው የሚመልሰው፤ በአስራ አንድ ሰዓት ተኩል እንዘጋለን" አለችኝ። የቀረኝ መድኃኒት ቤቱ ነበር።

ቁጥር ወስጄ ከበሽተኞቹ ጋር ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ልጅዎ በመስታወቱ ቀዳዳ አየኝና ፊቱ በራ። "እህስ? እውነተኛ ነው?"

"እውነተኛ ነው" አልኩት። "እኔ ነኝ ያልሆንኩት።"

ከኋላዬ የነበሩ አዛውንት "እንግዲህ ወረቀትሽን ስጪና ዞር በይ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው!" አሉ። ልጅዎ ወንበሩን ለባልደረባው ለቅቆ በጓሮ በር አወጣኝ። ባዶ ካርቶኖች መካከል ቆምን።

"ምን አጠፋሁ?" አለኝ።

"ምንም።"

"ሌላ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ልወድህ ሞከርኩ። ያሳፈረኝ አለመውደዴ ሳይሆን መሞከሬ ነው። እትዬን እንዳላጣ ብዬ ላገባህ ነበር።"

አንዱን ካርቶን በእግሩ ቀስ አድርጎ ገፋው። አልተቆጣም፤ ምነው በተቆጣ እያልኩ ቆምኩ። በመጨረሻ ሰዓቱን አየና "ሳይዘጉ እንድረስ" አለኝ።

ሱቁ ውስጥ ሻጯ ቅጽ አውጥታ "የመመለሻ ምክንያት?" አለች።

"ልክ አልሆነም" አላት።

"ጠቦ ነው ሰፍቶ?"

እጄን አየ። "ጠቧታል" አለ።

"ታዲያ እናሰፋዋለና! ሁለት ቀን አይፈጅም።"

"አይ" አለ ልጅዎ፣ "ይሄ አይሰፋም።" ፈረመና ወጣን።

መንገድ ላይ ነው ያን ነገር ያለኝ። "ለእናቴ እኔ ነኝ የተውኳት እላታለሁ። እኔ ብታባርረኝም ልጇ ነኝ፤ ተቆጥታ ተቆጥታ ይበርድላታል። አንቺን ካባረረችሽ ግን የምትገቢበት የለሽም።" ያን ጊዜ አፌ ባዶ ነበር፣ እትዬ። ስፒል አልነበረም። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ "አይሆንም" ማለት። እኔ ግን "እሺ" አልኩት።

የቀረውን ያውቁታል። "የሰው ልጅ አታሎ የሚተው ከእኔ አልተወለደም" ብለው በሩን ዘጉበት። አልበረደልዎም። እሱ ሌላ ከተማ ሥራ ይዞ ሄደ። እኔን ደግሞ "ለአንቺ ነው የተቀባው" ብለው ፎቁ ላይ አስገቡኝ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በእሱ ክፍል ተኛሁ፤ በእሱ ወንበር በላሁ። እሱ ስልክ ሲደውል ስልኩን ለእኔ ሰጥተው "የለችም በይው" ይላሉ፤ እኔም አጠገቤ ቆመው እያየሁዎት "የለችም" እለዋለሁ። እሱ ደግሞ "ጉልበቷስ እንዴት ነው?" ይለኛል። ከቀለበቱ የሸሸሁ መስሎኝ፣ ከዚያ የባሰ ውስጥ ገብቼ በላዬ ላይ ቆለፍኩ። አቅፈው "አይዞሽ፣ እናት አለሽ" ባሉኝ ቁጥር ቆዳዬ ይቃጠል ነበር።

አሁንም በዚሁ እቀጥል ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ግን ባለፈው ወር የሰርግ ጥሪ ካርዱ መጣ። ልጅዎ አስተማሪ ሊያገባ ነው። እርስዎ ካርዱን አንዴ አገላብጠው አዩና "ወረቀቱ ጠንካራ ነው፤ ለአንገት ንድፍ ይሆናል" ብለው በመቀስ ቆረጡት። የስሙ ግማሽ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጠርጌ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ትናንት ልጅዎ ጋ ደውዬ ልጽፍልዎ መሆኑን ነገርኩት። "ተይው" አለኝ፤ "እኔ ለምጄዋለሁ።" "ለምደህ ከሆነ ለምን ድምፅህ ተንቀጠቀጠ?" አልኩት።

ሰርጉ የፊታችን ሳምንት እሁድ ነው። እህትዎ አብረውዎ ሊሄዱ ፈቃደኛ ናቸው፤ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጥቅሉ ውስጥ ያለው ቀሚስ የእርስዎ ነው። ልኬትዎን ሜትር ሳልይዝ አውቀዋለሁ። የቀኙን ጎን ለፋሻው እንዲመች ትንሽ ለቀቅ አድርጌዋለሁ፤ ሲቀመጡ ጉልበትዎን አይዝዎትም። የእኔ እጅ የነካውን መልበስ ከቀፈፈዎት ሌላ ይልበሱ። ብቻ ይሂዱ። ልጅዎ በሩን እያየ እንዳያገባ።

እኔ ዕቃዬን ከፎቁ አውርጄ ሬዲዮ ቤት ገብቻለሁ። ክፍሉን አጽድቼዋለሁ። እስኪመለሱ ሱቁን በየጠዋቱ እከፍታለሁ፤ የሰው ሥራ አላበላሽም። ሲመጡ የሚሉኝን ሁሉ ቆሜ እሰማለሁ፤ ክር አለቀ ብዬ አልወጣም። ውጪ ካሉኝም እወጣለሁ።

"እማዬ" በይኝ ብለውኝ አንድ ቀን እንኳ አለማለቴን አስተውለው ይሆናል። ኩራት አልነበረም። ቃሉ የልጅዎ ስለነበረ ነው።

በልጅዎ ወንበር ላይ ሁለት ዓመት የተቀመጠችው፣
ሠራተኛዎ