ከክምሩ ላይ የተለካው ጉድጓድ

ውድ የቤቴ እመቤት፣

ሃያ ስድስት ዓመት የደበቅኩሽ አንድ ነገር አለ። የቤታችን መሠረት በጓሮ በኩል ባለው ጥግ ሁለት ሜትር ከአርባ አይደለም፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ ነው። ሜትሩን የያዝሽው አንቺ ነበርሽ። ያታለልኩሽም እዚያው ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ ወደ ላይ እያየሁሽ።

ቀኑን ታስታውሺዋለሽ። የተከራየነውን ቤት በወሩ መጨረሻ ልቀቁ ተብለናል። ልጁን ለጎረቤት ትተሽ ምሳ ይዘሽልኝ መጣሽ። ሰማዩ ጠቁሯል። ሦስቱን ጥግ ቆፋሪዎቹ ጨርሰው ሄደዋል፤ አራተኛውን ራሴ ነበርኩ የምቆፍረው። መሬታችን ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ዶማ ይመልሳል፤ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተኮማትሮ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቤት የሚሠራ ሰው ይህን የማያርፍ አፈር አልፎ ታች ያለው ጠንካራ መሬት ድረስ መውረድ አለበት። በእኛ ግቢ ያ መሬት የሚገኘው ሁለት ሜትር ከአርባ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ፎርማን ሆኜ ለሰው ሁሉ የነገርኩት ይህንኑ ነው።

አንድ ሜትር ከሃምሳ ላይ ወገቤ እምቢ አለኝ። ዝናቡ ከወረደ ጉድጓዱ ይናዳል፣ ከተናደ ደግሞ ክረምቱን የት እንገባለን አልኩ። ዶማዬን ሳሳርፍ ደረቁ አፈር እንደ ድንጋይ ጮኸ። "ይኸው ጠንካራ ነው" ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንዳልሆነ ግን አውቅ ነበር።

"ስንት ደረሰ?" አልሽኝ።

"ያዢልኝና እንየው።"

"ከየት ልያዝ?"

"እዚያው ከቆምሽበት፣ ከእግርሽ ሥር።"

የቆምሽው ከጉድጓዱ ባወጣሁት አፈር ክምር ላይ ነበር። ክምሩ ከመሬቱ ዘጠና ሳንቲም ከፍ ይላል። ጫፉን እኔ ታች ያዝኩ፣ አንቺ ጎንበስ ብለሽ ከላይ አነበብሽ። "ሁለት ሜትር ከአርባ!" አልሽና ሣቅሽ።

ይህቺ የቆፋሪ ተንኮል ናት። በእርሷ የተያዘውን ስንቱን ቆፋሪ "የምለካው መሬቱን ነው ወይስ ያንተን ጉብታ?" እያልኩ ጉድጓድ መልሼ አስገብቻለሁ። በራሴ ቤት ግን እኔው ሠራኋት። አንቺም የልጁ ክትባት በሚጻፍበት ደብተርሽ ላይ "አራተኛው ጥግ፣ 2 ሜትር ከ40። የያዝኩት እኔ" ብለሽ ጻፍሽ። ለጎረቤቱ ሁሉ "የሌላውን አላውቅም፣ የእኛን ግን በእጄ ይዣለሁ" ስትይ ኖርሽ። እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እግሬን አያለሁ።

ክረምት በመጣ ቁጥር የጓሮው ክፍል በር ይነክሳል። በትከሻሽ እየገፋሽ "ደግሞ ጠገበ ይሄ በር" ትይ ነበር። እኔ በመላጊያ እልገዋለሁ፣ ግድግዳው ላይ የሚወጣውን ስንጥቅ ደግሞ በስቱኮ እደፍናለሁ። "የቀለም ነው" እልሻለሁ። አንድ ዓመት የልጁን አልጋ ከዚያ ጥግ አራቅሽው። "እርጥበት አለው" አልሽ። ገብቶሽ ኖሯል? አልጠየቅኩሽም። ማታ ስጸልይ በደሌን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ እዚያች ጥግ ላይ ስደርስ እዘላታለሁ። እግዚአብሔር የማያያት መስሎኝ አይደለም። ስሟን ከጠራኋት መቆፈር እንዳለብኝ ስለማውቅ ነው።

ካረፍሽ አራት ዓመት ሆነ። ባለፈው ወር በምሳ ሰዓት መሬት ተንቀጠቀጠ። ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፣ አምፖሉ ተወዛወዘ፣ አበቃ። ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ሲያወራ እኔ ወደ ጓሮው ክፍል ገባሁ። የደፈንኩት ስንጥቅ ተከፍቶ ጣቴን አስገባ።

ልጃችን ደግሞ ከቤቱ በላይ ሁለት ክፍል ሊሠራ ነው። ሚስቱ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። በሳምንቱ መሐንዲስ አመጣ፤ ያቺ በተማሪነቷ እኔ ዘንድ ለልምምድ የመጣችው ልጅ ናት።

"አባባ፣ መሠረቱ ስንት ወርዷል?" አለችኝ።

ልጃችን ቀደመኝ። "ሁለት ከአርባ። እማዬ ናት የያዘችው።" ደብተርሽን አምጥቶ አሳያት።

"እኔ እንኳ አንድ ጥግ አስከፍቼ በዓይኔ ሳላይ አልጽፍም ነበር።"

"የአባዬን ጉድጓድ? ሜትር አያያዝ ያስተማረሽ ማን ሆነና!"

"እሱስ እውነት ነው" ብላ ሣቀች። ከዚያ ለምራታችን ማስረዳት ጀመረች። "ቤቱ ከእግሩ በብረትና በኮንክሪት ታስሮ አንድ ላይ ቢወዛወዝ ብዙም አልሰጋም። የምሰጋው ሦስቱ ጥግ ጠንካራ መሬት ረግጦ አራተኛው የሚያብጥ አፈር ላይ ሲቆም ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ አራተኛው የራሱን ጭፈራ ይጨፍራል፣ ግድግዳው ይቀደዳል። ከላይ ፎቅ ካለበትማ…" የምራታችንን ሆድ አየችና ተወችው። "እዚህ ግን ሁሉም እኩል ነው" ብላ ቁጥሩን ጻፈች።

"አባባ፣ ምነው ምግቡን ተዉት?" አለችኝ ምራታችን ምሳ ስንበላ።

"ጥርሴን አሞኝ ነው" አልኳት። ደግሞ ዋሸሁ።

ሦስት ቀን እንዲሁ ሰነበትኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጸሎቴን ስጀምር ያቺን ጥግ በስሟ ጠራኋት። ከዚያ ዶማዬን ይዤ ወጣሁ፣ ከግድግዳው ጎን መቆፈር ጀመርኩ። እያረፍኩ፣ ውሃ እየጠጣሁ። አፈሩን ራቅ አድርጌ ነው የጣልኩት።

"አባዬ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?" አለ ልጃችን ከደጅ ሲገባ። እስከ አንገቴ ወርጃለሁ።

"መሐንዲሷን ጥራልኝ።"

እስክትመጣ የጉድጓዱን አፍ ጠርጌ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋደምኩበት። ሜትሩን ለምራታችን አቀበልኳት።

"ከየት ልያዝ አባባ?"

"ከጣውላው። ሌላ ቦታ እንዳትይዢ።"

ጫፉን መሠረቱ ካበቃበት አስነካሁት። አንዴ አነበበች፣ እንደገና አነበበች። "አንድ ከሃምሳ ነው የሚለው።"

እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። መሐንዲሷ ወረደች፤ ከመሠረቱ ሥር ያለውን አፈር በአውራ ጣቷ ስትጫነው ጣቷ ገባ። "ፎቁ ይቅር ለጊዜው" አለች። "ይህን ጥግ ከሥሩ በየተራ እየቆፈርን ጠንካራው መሬት ድረስ ኮንክሪት እንሞላለን። እስከዚያ በዚህ ክፍል ማንም አይተኛም።"

ልጃችን ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ። "እማዬ ታውቅ ነበር?"

"አታውቅም። እሷ የያዘችው ያዢ ካልኳት ቦታ ነው።"

"እኔ ለሰው ሁሉ ሳወራ ግን ትሰማኝ ነበር።"

"እሰማ ነበር።"

እጁን ሰጥቶ ከጉድጓዱ አወጣኝ። ከዚያ እስከ ማክሰኞ አላናገረኝም። ማክሰኞ ዕለት ዶማውን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ ገባበት። ትናንት ሁለት ከአርባ ደረሰ፤ መሬቱን በጣቴ ብጫነው አልገባልኝም።

ዛሬ ደብተርሽን አወጣሁ። የጻፍሽውን አልሰረዝኩም። ከሥሩ በእጄ ጽሑፍ ይህን ጨመርኩ፦ "ከመሬቱ ሲለካ 1 ሜትር ከ50። ከክምሩ ላይ ያስያዝኳት እኔ ነኝ።" ቀኑን አኖርኩ፣ ፈረምኩ፣ ለልጃችን መልሼ ሰጠሁት።

ባልሽ