መሪው እምቢ አለው

ሆሳዕና፣ ሰኔ 9

ይድረስ ለምወድሽ አበልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? የክርስትና ልጄ ሊያስ፣ በክራንቹ መራመድ ለመደች? ሩብ ሰዓት በማያስኬድ መንገድ እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ሦስት ጊዜ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ፊትሽን እያየሁ የምናገረው ነገር አይደለም። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ነገሩ ስለ መኪናዋ ነው።

ለእናንተ ከመሸጧ ሁለት ወር በፊት ከቦኖሻ ብቻዬን እየነዳሁ ስመለስ፣ ሌሞ ውስጥ ጎርበጥባጣው መንገድ ላይ ቁልፉ በራሱ ጊዜ ተመለሰና ሞተሩ ጠፋ። መሪውን ባዞረው እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ ፍሬኑም ደነደነ። ፊት ለፊቴ የፈረስ ጋሪ ነበር። እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት የሰው እንሰት ውስጥ ነው።

ባሌ ወንዳፈረው መካኒኩ መሐመድአሚን ጋ ወሰዳት፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። መሐመድአሚን ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን በሁለት ጣቱ ሳብ ቢያደርገው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። «ማስነሻው አልቋል፤ ቁልፉን የሚይዘው ነገር የለም። ሳይቀየር እንዳትነዷት። ቁልቁለት ላይ ከጠፋች ሰው ትገድላለች» አለን። ዕቃው እዚህ ጠፋ፤ አዲስ አበባም ተጠይቆ ለእንዲህ ዓይነት አሮጌ ሞዴል አይመጣም ተባለ። እኔ ባሌን «ልጆቼ ከእንግዲህ እዚች መኪና ውስጥ አይገቡም» አልኩት። እሱም ሊሸጣት ወሰነ። የሚገዛት ማን እንደሆነ የነገረኝ ለት ምንም አልተናገርኩም።

ባልሽ ኃይለኢየሱስ ሊያያት ሲመጣ ወንዳፈረውን ብዙም አልጠየቀውም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «እሱ ሻጭ ነው፤ አንቺ ግን የልጄ የክርስትና እናት ነሽ። ደህና ናት?» አለኝ። ባሌ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ደህና ናት» አልኩት።

እየሳቀ ነው ቁልፉን የተቀበለው።

የሆነውን ታውቂዋለሽ። ከዱራሜ፣ ከባልደረባው ሰርግ ከሊያ ጋር ሲመለስ፣ በጠራራ ፀሐይ መኪናዋ ቁልቁለቱ ላይ ከመንገድ ወጥታ ገደል ገባች። ሰርጉ ላይ ቢራ ይዞ የተነሣው ፎቶ በየሰዉ ስልክ ዞረ። ትራፊኮቹም ጠጥቶ ሲነዳ ብለው ጻፉ። አንቺም አመንሽ። «ልጄን ሊገድልብኝ ነበር፣ ይህ ሰካራም!» ብለሽ ፎቶውን ከግድግዳ ላይ አወረድሽው። አርባው ሲደርስ ቄሱን «ለእሱ አልደግስም» ብለሽ መለስሻቸው። አጠገብሽ ነበርኩ፤ እጅሽን ይዤ።

የሚብሰው ግን ይህ አይደለም። አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን፣ አንቺ መድኃኒት ልትገዢ ከሆስፒታሉ ወጥተሽ ሳለ፣ ሊያ ዓይኗን ገለጠች። «እትዬ፣ አባዬ አልሰከረም። መኪናዋ ዝም አለች። መሪው እምቢ አለው። ‹አጥብቀሽ ያዢ፣ ልጄ› አለኝ» አለችኝ። እውነቷን እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። ፀጉሯን እየደባበስኩ፣ «ዝም በይ የኔ እናት፤ ጭንቅላትሽን ተመትተሽ ነው። ይህን እያወራሽ እናትሽን እንዳታስጨንቂያት» አልኳት። «እሺ» አለችኝ።

ልጅቷም እንዳለችው ሆነች። አንቺ ለጠያቂው ሁሉ «የአባቷን ስም አታነሣም፤ ተቀይማዋለች» ትያለሽ። አልተቀየመችውም። አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ወንዳፈረውን «እንናገር» ብዬ ብጠይቀው፣ «የሞተ አይመለስ፤ እኔን ልታሳስሪኝ ነው?» አለኝ። እንግዲያው እኔ የማውቀውንና እኔ ያልኩትን ራሴ እናገራለሁ አልኩት። ካመሸ በር ዘግቶ ወጥቷል፤ እስካሁን አልተመለሰም። መሐመድአሚን ያየውን በእጁ ጽፎ ፈርሞልኛል። አንዱን ቅጂ ከዚህ ጋር ታገኚዋለሽ፤ ሌላውን ነገ ፖሊስ ጣቢያ ይዤው እሄዳለሁ።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ እህቴ ሰብሌ ናት። ልጆቼን ሙዱላ እናቴ ዘንድ አድርሳቸው መምጣቷ ነው፤ መስከረም ሲጠባም እዚያው ይማራሉ። መልስ ብትጽፊልኝ ለእሷ ስጫት እንጂ ወደ ቤቴ አትላኪው። ከነገ ጀምሮ ስንቅ የምታመላልስልኝ እሷ ናት።

የኃይለኢየሱስን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልሽ። የሊያን እግር ያጽናልሽ፤ አድጋ ተድራ ለማየት ያብቃሽ። ማታ አጠገቧ ቁጭ በዪና ስለ አባቷ ጠይቂያት። ዛሬ ትነግርሻለች።

አበልጅሽ