ከድር የሚያሳልፈው ክፍል

ጥር 14 ቀን 1990፣ ሐሙስ፣ ጧት 1፡30

ዘለቀ ከሴቻ አቀበት ሮጦ ተመለሰ። የልብ ምቱን ለካሁ። ካለፈው ሳምንት ቶሎ ይረጋጋል፤ ጥሩ ነው። ውሃ ሰጠሁት፣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ቀስ በል ስለው ሁለተኛውን ብርጭቆ በጉንጩ ይዞ ሳቀብኝ። አሁን ጓሮ ገብቶ ሸማውን እየሠራ ነው። የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማኛል።

ማስታወሻዬ፣ ሌላ ሰው ቢያነብህ ይስቅ ይሆናል። ዕድሜዋን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማረች ሴት በጡረታዋ ተፋላሚ ታሠለጥናለች። ግን ድብድብ አይደለም የማስተምረው። ሳንባ፣ ልብ፣ እንቅልፍ፣ ምግብ። ምቱንና እርግጫውን ከካራቴ ክለቡ ያመጣል። ተማሪዬ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ላይ አባቱ ሞቱበት፤ ትምህርቱን ትቶ የአባቱን ሽመና ያዘ። አሁን ጓሮዬ ያለችውን ክፍል ተከራይቷል። ጨንቻ ያሉት እናቱና እህቶቹ በሁለት ክንዶቹ ይኖራሉ።

የካቲት 15 የተደባለቀ ፍልሚያ አለ። ቦክሰኛ፣ ካራቲስት፣ ትግለኛ፣ ሁሉም በአንድ ምንጣፍ። ቴሌቪዥን መጥቶ ይቀርፃል። የዘለቀ ተጋጣሚ ከአዋሳ የሚመጣ ትግለኛ ነው። እዚህ ሰፈራችን ሲቀላ ላይ ወሬው ይኸው ብቻ ሆኗል።

ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ ከሰ. 11 ሰዓት

ዛሬ ከዘለቀ ጋር ከድር ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ከድር ከፊት ጨርቅ ይሸጣል፣ ከኋላ ቪዲዮ ያሳያል። ዘለቀ እየደጋገመ የሚያየውን የውጭ አገር የፍልሚያ ካሴት እኔም ማየት ነበረብኝ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ሁሉም ሰው አንገቱ ላይ ፎጣ ጥሏል። ከሴት እኔ ብቻ። አንዱ ወንበር ለቀቀልኝና፣ ቲቸር ዛሬ ፈተና አለ እንዴ አለ። ቤቱ ሳቀ።

በሽቦ አጥር ውስጥ ሁለት ሰዎች። ይመታታሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ ይወድቃሉ። ገና መሬት ከመንካታቸው ቤቱ በአንድ ድምፅ፦ «ከድር፣ አሳልፈው።» ከድር ሪሞቱን ይጫናል። ምስሉ ይሮጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ሲቆም አንዱ እጁን አንሥቷል፣ ሌላው ተቀምጧል። ቀጣይ ፍልሚያ። እንደገና ወደቁ፣ እንደገና አሳለፈው።

ስንመለስ ዘለቀን ጠየቅሁት፦ አንድ ፍልሚያ ምን ያህል ይቆያል? አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት አለ። ያለ ጥርጥር ነው የመለሰልኝ።

ልምምዱ ሁሉ በዚሁ ልክ የተሠራ መሆኑ አሁን ነው የገባኝ። ፈጣን ምት፣ ዕረፍት። ፈጣን ምት፣ ዕረፍት። ያልታየው ክፍል ውስጥ ምን እንዳለ ሳላውቅ እቅዴን መቀጠል አልችልም።

ጥር 18፣ ሰኞ፣ ጧት 4 ሰዓት

ከድር ቤቱ ባዶ ሳለ ካሴቱን ከፈተልኝ። መጀመሪያ አመነታ። «ቲቸር፣ ሁለት ወንድ ተቃቅፎ መሬት ላይ ሲተኛ ለማየት ማን ይገባልኛል?» አለ። እኔ ገብቻለሁ አልኩት።

ሳይሮጥ አየሁት። ዋናው ነገር ለካ እዚያ ነው። አንድ ቀጭን ሰውዬ ከታች ተኝቷል፤ ያለቀለት ይመስላል። አላለቀለትም። ሁለት እግሮቹን በግዙፉ ሰው ወገብ ላይ ጠምጥሞ በአፍንጫው ይተነፍሳል። ግዙፉ ከላይ ይመታል፣ ይመታል፣ አፉ ይከፈታል። ይደክማል። አንድ ክንዱን ዘርግቶ ይተወዋል። ቀጭኑ ያንን ክንድ ይዞ ክርኑን በተቃራኒው ይለጥጠዋል። ያን ጊዜ ግዙፉ ሰው በነፃ እጁ ወለሉን መታ መታ ያደርጋል፤ በቃኝ፣ ልቀቀኝ ማለቱ ነው። አለቀ። ተነሥተው ተቃቀፉ።

ከድር አጠገቤ ቆሞ ነበር። ካሴቱን ለስንት ጊዜ እንዳሳየው ራሱ አያውቅም፤ ይህን ግን ገና ዛሬ አየ። እሱ ዳኛው ሰልችቶት የሚያስቆመው ይመስለው ነበር።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ለዘለቀ ነገርኩት፤ ካሴቱንም አብረን አየን። እስከ መጨረሻው አየ። ረጅም እንደሆነ አምኗል። መተንፈስ እንዳለበት አምኗል። ወለል መምታቱን ሳነሣበት ግን ፊቱ ጠቆረ። ያ ልመና ነው አለ። አልመታም።

ክንዱ ቢሰበርስ? ይሰበር አለ። በማን ክንድ ነው እንዲህ የምትናገረው አልኩት። ወደ ጓሮው ገባ። መወርወሪያው ድምፁን ጨምሮ ቀጠለ።

የአጥንቱን ጉዳይ እኔ አውቀዋለሁ። ክርን ከተሰበረ ሙሉ በሙሉ ላይዘረጋ ይችላል። የማይዘረጋ ክንድ መወርወሪያ አይወረውርም።

ጥር 28፣ ሐሙስ፣ ከሰ.

አዲሱ ልምምድ አንድ ሳምንት ሞላው። በደረቅ የሙዝ ቅጠል የተሞላ ትልቅ ፍራሽ አሰፋሁ፤ ጓሮ ተነጥፏል። የክለቡ ልጆች ተራ በተራ ከላይ ይጫኑታል። እሱ ከታች ይተነፍሳል። አፉን ሲከፍት አቆመዋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ተዋርዶ ነበር። ከክለቡ አንዱ፣ ሸማኔ ድሮስ ቁጭ ብሎ አይደል የሚሠራው ብሎ ቀለደ። ዘለቀ ተነሥቶ ሊሄድ ሲል፣ ልክ ነው አልኩ። ሸማኔ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ እግሩን ለብቻ፣ እጁን ለብቻ ያሠራል። ወገቡ አይናወጥም። አንተ ቆመህ የምትችለውን እሱ ተቀምጦም ይችላል፤ እስቲ ጫነው አልኩት ቀልደኛውን። ጫነው። ትንሽ ቆይቶ ክንዱ በዘለቀ ተይዞ ቀልደኛው ራሱ ፍራሹን ይመታ ነበር። ማንም አላስተማረውም፤ ሲያመው መታ።

ዘለቀ ወዲያው ለቀቀው። የሌላውን መምታት ያከብራል። የራሱን ብቻ ነው እምቢ ያለው።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ፣ ጨንቻ

የዘለቀ አጎት አቶ አንጁሎ ጋ መጣሁ። ብርድ ነው፤ ጋቢ ደርበውልኛል። የአገር ሽማግሌ ናቸው፤ ዘለቀ የሚፈራው ሰው እሳቸውን ብቻ ነው። ምከሩልኝ አልኳቸው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እዚህ ገበያ ላይ ያየሁት ትዝ አለኝ። ሁለት ወገን ዱላ ተማዝዞ ሳለ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መሐል ገብተው ተንበረከኩ። ያንን ሣር ተሻግሮ የሚመታ የለም። ዱላው ሁሉ ወረደ። እንግዳ ስለነበርኩ ምን እንደሆነ ሰው ጠይቄ ነው የገባኝ። አቶ አንጁሎን፣ በፍልሚያው ቀን ቢመጡና ክፉ ነገር ቢታይ ሣር ይይዙ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። ለጨዋታ ሣር አይያዝም አሉ። ኳስ ሜዳም ልትወስጂኝ ነው?

ከዚያ የጨዋታውን ሕግ ጠየቁኝ። ክንድ ይያዛል፣ የተያዘው ወለል ይመታል፣ ያኛው ይለቃል አልኳቸው።

«ካልመታስ?»

«ይሰበራል።»

እሳቱን ቆሰቆሱ።  ቃል ግን አልሰጡኝም።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

አዘጋጆቹ ሕጉን ነገሩን። አንድ ረጅም ዙር። ማቆሚያው ሦስት ነው፦ ዳኛው፣ ወለል መምታት፣ ወይም ከአሠልጣኝ የሚወረወር ፎጣ። ዘለቀ ፎጣ እንዳልወረውር ቃል እንድገባለት ጠየቀኝ። አልገባም አልኩት። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

የልብ ምቱ በጣም ጥሩ ነው። እንቅልፉ ጥሩ ነው። ዛሬ ተናድጄ የጻፍኩት የልብ ምት ለካ እስካሁን ከመዘገብኩት ሁሉ የተሻለው ነው።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ፣ ማታ 12 ሰዓት

አቶ አንጁሎ ከጨንቻ በመኪና ወረዱ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ቆጮ መስሎኝ ልቀበላቸው እጄን ዘረጋሁ፤ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ውሃ ጠየቁና ጥቅሉ ላይ ረጩ። እዚህ ቆላው በዚህ ወር ደርቆ ገለባ ሆኗል፤ እርጥብ ሣር ያለው እነሱ ጋ ነው። ዘለቀም አይቷል።  እራት በላን።

የካቲት 15፣ እሑድ፣ ከሰ. 11 ሰዓት

አሁን ተመለስን።  በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

አዳራሹ ሞልቷል። ሙቀት። የቴሌቪዥን ቀራጮቹ መብራት ሲጨመርበት ምድጃ ሆነ። ሁሉም ሰው ፎጣ በአንገቱ። የአዋሳው ትግለኛ ከዘለቀ ወፍራም ነው፣ አንገቱ አይታይም። ዳኛው ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ሰው።

ቶሎ ወደቁ። ዘለቀ ከታች ሆነ፤ እግሮቹን ጠመጠመ፣ በአፍንጫው ተነፈሰ። ልክ እንዳሠለጠንኩት። ትግለኛው ይገፋል፣ ያቃስታል። ሕዝቡ ሰለቸው። ከኋላ አንዱ፦ «ከድር፣ አሳልፈው» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ቀልደኛ ፎጣውን ምንጣፉ ላይ ወረወረ። ዳኛው ተቆጥቶ አንሥቶ መለሰው። ከድር ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቀርቅሮ ነበር።

የትግለኛው አፍ ተከፈተ። ደከመ። ትንሽ ብቻ መታገሥ ነበረበት። ዘለቀ ግን መብራቱን አየ፤ ካሜራው ቀርቦ ነበር። እግሮቹን ፈትቶ ተነሣና በካሴቱ ያየውን ከፍ ያለ እርግጫ ሰነዘረ። ምንጣፉ በላብ ርሷል። ቋሚ እግሩ ከዳው። ሲወድቅ ቀኝ ክንዱ በትግለኛው እጅ ገባ።

ክርኑ ሲለጠጥ አየሁ። ግራ እጁ ነፃ ነው። ወለሉ ከመዳፉ በታች ነው። አልመታም። ፎጣዬን ወረወርኩ። ዘለቀ በእግሩ ገፍቶ አወጣው። ዳኛው አሁንም ቀልደኛ መስሎት ወደ ሕዝቡ ዞሮ ጣቱን ቀሰረ። እኔ ነኝ ብዬ ጮህኩ፤ በጩኸቱ ውስጥ ማን ይሰማኛል።

አቶ አንጁሎ በአጠገቤ አለፉ። በምንጣፉ ዙሪያ በተወጠረው ገመድ ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ፣ የእንሰቱን ቅጠል ፈቱ፣ ሣሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተንበረከኩ። 

ጩኸቱ ከፊት ረድፍ ጀምሮ ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄደ። ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። ትግለኛው ቀና ብሎ ሣሩን አየና እጆቹን ከፈተ። ማንም አላዘዘውም።

ዳኛው ግራ ገባው። ሽማግሌውን ያስወጡልኝ ይላል፤ የሚነካቸው የለም። ትግለኛውን፣ ቀጥል እንጂ አለው። እናቴ የዚሁ አገር፣ የቦንኬ ሰው ናት አለ ትግለኛው፤ ይህን ተሻግሬ አልመታም። እንግዲያው ማን አሸነፈ? እኔ አላሸነፍኩም አለ፣ የለቀቅሁት ለሣሩ ነው። ዳኛው ወደ አዘጋጆቹ አየ። አዘጋጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ካሜራ የያዘው ልጅ መሣሪያውን ከትከሻው አወረደ።

ዘለቀ ቀኝ ክንዱን ታቅፎ ተቀምጧል። ማንም አልያዘውም። አጎቱን አየ፣ ትግለኛውን አየ። ከዚያ በግራ መዳፉ ወለሉን ሦስት ጊዜ መታ። ቀስ ብሎ፣ ዳኛው በደንብ እንዲያየው።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ጤና ጣቢያ ደርሰን መጣን። አልተሰበረም። ጅማቱ ተለጥጧል። ክንዱ ከአንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ታስሮለታል፤ ለጊዜው ሽመና የለም። ጓሮው ጭር ብሏል። አቶ አንጁሎ ሲመለሱ ሣሩን አልወሰዱትም፤ ደጃፌ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። ደርቋል፣ አላነሣሁትም።

ፆም ገብቷል። ለጅማት የሚሆን ምግብ ከሽምብራና ከአተር አወጣሁለት። ያለ ክርክር ይበላል።

የካቲት 22፣ እሑድ፣ ማታ 1፡30

በቴሌቪዥን ቀረበ። ከድር ቪዲዮውን ዘግቶ ቤቱን ለዚሁ ከፈተው፤ በነፃ። ዘለቀን ፊት አስቀመጡት።

ሁለቱ ሲገቡ ታየ። ሰላምታ። ከዚያ እርግጫው፤ ከፍ ያለው፣ የሚያምረው። ወዲያው የትግለኛው እጅ ተነሥቷል። ቀጣይ ዜና፣ ብስክሌት።

 የታችኛው ትንፋሽ የለም፣ ሣሩ የለም፣ መዳፉ የለም። ከዚያ ከኋላ ያ የተለመደው ድምፅ፦

«ከድር፣ መልሰው።»

«ምኑን ልመልሰው፣ ይኼ ካሴት መሰለህ?»

ዘለቀ ነው መጀመሪያ የሳቀው። ክንዱን እያመመው ሳቀ።

ስንመለስ ከክለቡ ልጆች አብዛኞቹ ተከተሉን። ፍራሹ ላይ እነሱም መሥራት ይፈልጋሉ። ዛሬ እንጀምር ብለው ሊያነጥፉት ሲሉ ዘለቀ ወደ እኔ ዞሮ፣ ቲቸር ከየት ይጀምሩ አለኝ። ነገ እነግራችኋለሁ ብዬ አሰናበትኳቸው። እያሰብኩ ነበር፤ አሁን ወስኛለሁ።

ከሩጫው በፊት፣ ከምቱ በፊት፣ ከአተነፋፈሱም በፊት፣ እያንዳንዱ ፍራሹ ላይ ይተኛና ወለል መምታት ይማራል። ቀጥሎ መልቀቅ ይማራል። ሁለቱን ያልቻለ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ትምህርቱን የሚሰጠው ዘለቀ ነው፤ ለዚህ ግራ እጁ ይበቃዋል። እኔ የልብ ምት እለካለሁ።