ኮከብ የተነጠበበት ጥቁር ጨርቅ

ወላይታ ሶዶ፣ ጳጉሜን

ለልጄ ወዳጅ፣ ለልጄም፤

እንደምን ሰነበትክ? ቤሌ ዝናቡ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ። ድሮም ብርድ ቶሎ ይይዝህ ነበር፤ የሚሞቅ ነገር ትለብሳለህ ወይ? የተከራየኸው ቤትስ ተስማማህ? ምግብ የሚሠራልህ ሰው አገኘህ? እኔን ብትል ጤናዬ ደህና ነው፤ ጉልበቴም ዘንድሮ አላስቸገረኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። መቀመጥ ነው ያቃተኝ።

ስልክ ስለማታነሳ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። እንደምታውቀው ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ እጄም ቀርፋፋ ነው። አንድ መስመር እጽፍና ተነስቼ እስከ በሩ ደርሼ እመለሳለሁ። ገበያ እወጣለሁ፤ ምን ልገዛ እንደወጣሁ ይጠፋኛል፤ ባዶ ዘንቢል እንዳንጠለጠልኩ ዳሞታ ተራራ ግርጌ ደርሼ እገኛለሁ። የታጠበ ሳህን ደግሜ አጥባለሁ።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልናገር፤ ሆዴ ውስጥ ከያዝኩት ሌላው አይጻፍልኝም። ልጄን ሰላምአብን የቀበርን ቀን የአባቱ ወገኖች ከጉኑኖ አንድ ሳይቀሩ መጡ። ሥራው ካለበት ከሃላሌ፣ በዚያ ጭቃ፣ እኔን አይተውኝ የማያውቁ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መጡ። አንተ አልመጣህም። እዚህ ቤት በልተህ፣ እዚህ ቤት አድረህ፣ እንደ እሱ “አዮ” እያልክ እናትህ ያደረግኸኝ ልጅ አልመጣህም። በእኛ አገር ጠላት እንኳ ከለቅሶ አይቀርም።

ይኼን ካልኩ ትንሽ ቀለለኝ። አሁን የቤቱን ወሬ ልንገርህ።

ጓደኞቻችሁ፣ ገበየው የብየዳ ቤቱን ዘግቶ፣ የትምወርቅ ከላብራቶሪዋ ወጥታ፣ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። በሰላምአብ ክፍል ጠረጴዛውን ከበው ይጨቃጨቃሉ። ያ የጠፈር መርከቦች ውጊያ ጨዋታችሁ፣ አንተና እሱ ጀምራችሁ የተዋችሁት፣ እንደነበረ የለም። እንዴት እንደፈረሰ ልንገርህ።

መርዶው ሲመጣ የባለቤቴ እህት ዘመነች የምለብሰውን ጥቁር ነገር ፈለገች። ቤቴ ውስጥ ጥቁር ልብስ አልነበረም። የሰላምአብን ክፍል ስትከፍት ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ተዘርግቶ አየች። በላዩ ያለውን ሁሉ ሳፋ ውስጥ ገለበጠችና ጨርቁን አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ተማሪ ሳላችሁ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ በነጭ ቀለም ኮከብ የነጠባችሁበት የጨዋታችሁ ሰማይ መሆኑን እሷ በምን ታውቃለች? ልጄን ያንን ለብሼ ቀበርኩት። ሴቶቹ “ኖራ ነክቶሻል” እያሉ ነጠብጣቡን በጥፍራቸው ሊፍቁልኝ ሞከሩ። አልለቀቀም። ጥሩ ቀለም ነው የገዛችሁት።

መርከቦቹ ከሳፋው ወጥተዋል። ገበየው ከአሮጌ ድስት አቅልጦ የሠራቸው ናቸውና አንዳቸውም አልተሰበሩም። ግን እያንዳንዱ የት እንደነበረ የሚስማማ ሰው ጠፋ። ገበየው የሰላምአብ ትልቁ መርከብ ከጨረቃዋ ጀርባ ነበር ይላል። ጨረቃዋ ያቺው የቀለም ጣሳ ክዳን ናት። የትምወርቅ ደግሞ “አንተ ብየዳው ዓይንህን ጨርሶታል፤ ፊት ለፊት ነበር” ትለዋለች። “ዓይኔ ባይሠራ ይኼን ክንፍ ማን ሞረደው?” ሲላት፣ “ተሞርዶ ነው እንዴ? እኔኮ በሬ የረገጠው መስሎኝ ነው” አለችው። እኔ ሳቅኩ። ስስቅ ሁለቱም ዞረው አዩኝ፤ ከዚያ ሳህን ላጥብ ወጣሁ።

መጋቢያችን ሊጸልዩልኝ የመጡ ዕለት ደግሞ ጠረጴዛውን አይተው “እነዚህ ምንድን ናቸው? ምስል አይደሉም ወይ?” አሉ። ገበየው “መጋቢ፣ ጣዖት ቢሆኑማ ኖሮ ይኼን ሁሉ ዓመት ሳገለግላቸው አንድ ቀን እንኳ ባሸነፍኩ ነበር” አላቸው። ሳቃቸው አመለጣቸው። የትምወርቅ ይኼኔ አገኘቻቸው። ትምህርት ቤት ሳላችሁ በእርዳታ ከመጣ የመጽሐፍ ካርቶን ሥር የጨዋታውን ሳጥን ከነደንቡ እንዴት እንዳገኛችሁት፣ ሠሪዎቹ ድርጅታቸውን የዘጉት እናንተ ሳትወለዱ መሆኑን፣ ሳጥኑ ውስጥ አንድም መርከብ እንዳልነበረና በጠርሙስ ቆርኪ እንደጀመራችሁት ነገረቻቸው። በሌላ አገር ይኼንኑ ጨዋታ ዛሬም የሚጫወት ሽማግሌ በስልኳ አግኝታ ስለ ሚሳኤል አተኳኮስ እንደተከራከረችው ሁሉ አወራች። ፊቷ በርቶ ነበር። መጋቢ ለመሄድ ተነስተው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ቆመው ቀሩ።

የመጀመሪያዋን ደንብ ታስታውሳለህ? ሞተሩ የጠፋ መርከብ አይቆምም፣ በያዘው አቅጣጫ መሄዱን ይቀጥላል የምትለውን። ያኔ ሰላምአብን “ሞተሩ ጠፍቶ በምን ይሄዳል? ዳገት ሲያገኝ አይቆምም?” ብዬው ነበር። “አዮ፣ እዚያ ዳገትም ነፋስም የለም፤ የሚያቆመው ነገር የለም። ለመቆምም ነዳጅ ያስፈልገዋል” አለኝ። “ሰማይ ቤት እንዲህ ከሆነ እኔ እዚሁ ሶዶ ይሻለኛል” ብዬ ስቄበት ወጣሁ። አሁን ከጓዳ እስከ በር ስመላለስ ትዝ ይለኛል።

የተጣላችሁበትንም አውቃለሁ። ሁለት መርከቦች አንድ ቦታ ሲገናኙ ማን ማንን እንደሚማርክ የተጻፈው የመጨረሻው ገጽ ላይ ነበር፤ ያ ገጽ ደግሞ ከመጀመሪያውም ተቀዶ ነው ያገኛችሁት። እሱ “ማርኬሃለሁ” አለ፤ አንተ “አልማረክኸኝም” አልክ። ጃንጥላህን አንስተህ በዝናብ ወጣህ። “ምሳ ደርሷል” ብዬ ስጣራ እንኳ ዞር አላልክም። ወዲያው ቤሌ ለማስተማር ተመደብክ። ገበየው “ለአልሙኒየም ሽማግሌ ይላካል እንዴ?” እያለ ይቀልድ ነበር፤ የሚላከው ግን ጠፋ። ሰላምአብ አፍንጫዋ ቀይ የሆነችውን ያንተን አለቃ መርከብ “ምርኮኛ ናት” ብሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጣት። ጠረጴዛውን ግን አላነሳውም። አቧራውን እንኳ እንድጠርግ አይፈቅድልኝም ነበር።

አሁን ያቺን ቀይ አፍንጫ ሊያገኟት አልቻሉም። ገበየው አልጋውን ገለበጠ። የትምወርቅ ዘመነችን እንደ መርማሪ አፋጠጠቻት፤ ዘመነችም “በስተርጅና የድስት ቁራጭ ሰረቀች ልባል?” ብላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። እኔም አልነገርኳቸውም። እኔ ጋ ናት።

ከሆስፒታል የሰላምአብን ጃኬት በፌስታል ሲሰጡኝ የውስጥ ኪሱ ውስጥ ነበረች፤ በመሐረብ ተጠቅልላ። አንድ ክንፏ ትንሽ ጎብጧል እንጂ ደህና ናት። አፍንጫዋ አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

ያን ቀን ሥራ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ፈቃድ እንደወሰደ የሰማሁት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ለለቅሶ ሲመጡ ነው። ጠዋት ቦይና፣ ያንን ጎደሬ፣ ቀቅዬ ከዳጣ ጋር ስቋጥርለት “አዮ፣ ጨምሪበት” አለኝ። “ምነው፣ ዛሬ ሁለት ሆድ አበቀልክ?” ስለው ሳቀ። ጨመርኩለት፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆነ። ከዚያ የቤሌውን መኪና ያዘ፤ መኪናውም መንገድ ላይ ተገለበጠ።

በዚያ መስመር ረዳት ሆኖ የሚሠራው የጎረቤቴ ልጅ ዳልጮ በቀደም ሲያወራኝ፣ ያን ቀን አንድ ሰው ቤሌ መናኸሪያ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ እስኪመሽ ቆሞ ነበር አለኝ። በሩ የተከፈተ መኪና ሁሉ ጋ ጠጋ እያለ ወራጁን ያይ ነበር አለ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ገበየውም የሰላምአብን ስልክ ልክፈተው ሲለኝ ተወው አልኩት። ማን ለማን እንደደወለ፣ ማን “ና” እንዳለ ማወቅ አልፈልግም። ሰው ወዳጁን ና ቢል ምን ጥፋት አለበት? ልጄ እየሳቀ ነው ከዚህ ቤት የወጣው። እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ይኼን ሁሉ የጻፍኩት ይህቺን እንድታውቅልኝ ነው።

የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ደርሷል። ቤት ይጸዳል፣ አሮጌው ነገር ይወጣል፣ ያ ጠረጴዛም ለበዓሉ ሥጋ ይፈለጋል። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር እንደማይሆን ደግሞ አባቶችህ ነግረውሃል፤ የተጣላ ታርቆ ነው ከአንድ ሥጋ የሚበላው። ዘመነችና የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ከበዓሉ በፊት ጥቁሩን ሊያወልቁልኝ መጡ። “በቃሽ፣ ጌታም አይወድልሽም” አሉኝ። “ይኼ ጨርቅ ባለቤት አለው፤ እሱ ነው የሚያወልቅልኝ” አልኳቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አእምሮዋን ነካት ሳይሉ አልቀሩም።

ገበየውና የትምወርቅ ከአዲስ እንጀምር ይላሉ። እስከ ዋዜማው ታገሡኝ ብያቸዋለሁ። መርከቦቹ የት የት እንደነበሩ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያን ቀን ከመነሳትህ በፊት ስንት ሰዓት ሙሉ ትክ ብለህ አይተሃቸዋል።

ስለዚህ ና። መንገዱን እፈራዋለሁ፤ ቢሆንም ና። ቀይ አፍንጫዋን እሱ እንደጠቀለላት በመሐረቡ እሰጥሃለሁ። ከቆጮና ከአይብ ሙቹዋ እሠራልሃለሁ፤ ቦይናም አለ። ስትገባ ይቅርታ ምናምን እያልክ አታድክመኝ። ጨርቁን በራስህ እጅ ከትከሻዬ አውርደህ ጠረጴዛው ላይ ዘርጋው። ያኔ ምናልባት እኔም ወንበር ስቤ እቀመጥ ይሆናል።

እግዚአብሔር ከመንገድ ክፉ ይሰውርህ። ያስተማርካቸው ልጆች ይባረኩልህ፤ ደጅህ ሰው አይጣ፤ እናትህን በእርጅናዋ የምትጦር ያድርግህ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ነውና በጠዋቱ መኪና ተሳፈር። እኔ ከዋዜማው ቀደም ካሉት ቀናት ጀምሮ ሶዶ መናኸሪያ በር ላይ እቆማለሁ። በጨርቁ ታውቀኛለህ። በሩ የተከፈተ መኪና ሁሉ ጋ ጠጋ እያልኩ አያለሁ።

የሰላምአብ እናት፣
አዮ