የነዋሪ ብዛት

ይድረስ ለባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህስ? ብርድ ሲሆን እንደሚይዝህ አልረሳሁም። እኔ ከጎርፉ በቀር ደህና ነኝ፤ ጎርፉም ቢሆን አልፏል። አድራሻዬን ከየት አገኘችው ብለህ እንዳትደነግጥ፣ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ። ለሦስት ወር ሥራ ብለህ ወጥተህ ስድስት ዓመት አንድ መስመር ስላልጻፍክልኝ ልቆጣህ ነበር ሐሳቤ። ብዕሩን ሳነሳ ግን ለካ የናፈቀኝ ወሬ ነው። ማንን ላዋራ? የስፌት መኪናዬ ትንሽ ታዋራኝ ነበር፤ እሷም ውሃ ገብቷት ዝም ብላለች።

ውሃው የመጣው በጠዋት፣ ሰው ቁርስ ላይ እያለ ነው። የደንበኞቼን ልብስ ታቅፌ ጎረቤት ፎቅ ላይ ወጣሁ። ስመለስ የጓዳው ግድግዳ የለም፤ አልጋው በር ላይ ተሰንቅሮ ቆሟል።

በሳምንቱ ከመድን ድርጅቱ ገማች መጣ፤ ከእግሩ የሚሰፋ ቦቲ ያጠለቀ፣ በተራመደ ቁጥር ይቅርታ የሚጠይቅ ሰውዬ። መንግሥት ዘንድሮ አዲስ መመሪያ አውጥቷል አለኝ። ጎርፍ ቤቱን ያፈረሰበት ሰው በመድኑ ከፍ ያለ ሰፈር ላይ ምትክ ያገኛል። ቤተሰብ ከሆነ ሁለት ክፍል ቤት ለብቻው፤ ብቻውን የሚኖር ከሆነ ደግሞ ከሌላ ብቸኛ ጋር አንድ ክፍል ይጋራል። ከዚያ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለት አልኩት። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አልመከርኩበትም። ለጎረቤቱ ሁሉ ዛሬ ነገ ይመጣል ስል ስለኖርኩ ምላሴ ለምዶታል። ውሃው የወሰደውን የባለቤትሽን ዕቃ ዘርዝሪ ሲለኝም ቡናማ ኮትህን፣ ሬዲዮህን፣ የቆዳ ጫማህን አስመዘገብኩ። ሁሉንም ይዘህ እንደሄድክ ትዝ ያለኝ ሰውዬው ከወጣ በኋላ ነው። አንተ የወሰድከውን በጎርፉ አላከክሁ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቆይቼም ብቻዬን አለቀስኩ።

ሰኞ መድን ድርጅቱ ቢሮ ጠሩኝ። ጉንፋን የያዛት ልጅ ናት ያስተናገደችኝ። እትዬ፣ በመመሪያው አንድ ሰው የሚመዘገበው በአንድ ቤት ብቻ ነው፤ ባለቤትዎ ግን ሌላ ከተማ ተመዝግበዋል አለችኝ። ሞክሼው ይሆናል ብዬ ድርቅ አልኩባት። ቢቸግራት ኮምፒውተሩን አዞረችልኝ። ፎቶህን አየሁት። ጸጉርህ ሸሽቷል፣ አንተን መስሎ። ከፎቶህ ሥር አድራሻህ አለ፣ ከአድራሻህ ሥር የነዋሪ ብዛት አራት ይላል። የትንሿ ዕድሜ ሁለት ዓመት። ልጅቷ ቶሎ ብላ መልሳ አዞረችው፤ እኔ ደግሞ ለንባብ ፈጣን እንደሆንኩ ታውቃለህ።

ሁለት ወረቀት ሰጥታኝ እስከ ዓርብ ያስቡበት አለችኝ። አንደኛውን ብፈርም፣ ጋብቻችን ስላልፈረሰ ስምህ ወደ እኔ ይመለሳል፤ ሁለት ክፍል ቤቴንም አገኛለሁ። የእናንተ ምዝገባ ግን ይሰረዛል፤ ዝናቡ እስኪያልፍ ድረስም ቤቱ ያለ መድን ይቆያል። ቤታችሁ ወንዝ ዳር መሆኑን የነገረችኝ እሷው ናት፤ ደመናው ወደዚያ እየሄደ ነው አለች እያስነጠሳት። ሁለተኛው ወረቀት ብቻዬን እንደምኖር ማመኛ ነው።

አልዋሽህም፣ የዚያን ዕለት የመጀመሪያውን ልፈርም ነበር። ደስ እያለኝ ልፈርም ነበር። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት እኔ፣ ከማላውቀው ሰው ጋር አንድ ክፍል የምጋራው እኔ! በዚህ ዕድሜዬ የራሴ በር፣ የራሴ ቁልፍ እንዲኖረኝ ፈልጌ ነበር። በንዴት ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።

ገማቹ ውሃው የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሮበት ሄዷል። ትናንት በስፌት ሜትሬ ለካሁት። እኔን ደረቴ ድረስ ይመጣል። የሁለት ዓመት ልጅ ቀሚስ ስቆርጥ ደግሞ ልኬት አያስፈልገኝም፤ ስንት ሴንቲ እንደሚወስድ እጄ ያውቀዋል። ሜትሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ ፈረምኩ። የነዋሪ ብዛት፣ አንድ። ልጅቷ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብላ ሁለቴ ጠየቀችኝ። ኮትህንና ሬዲዮህንም ከዝርዝሩ አስወጣሁ።

እሑድ እገባለሁ። አብራኝ የምትኖረውን ሴትዮ ገና አላየኋትም። ታንኮራፋለች ይላሉ። ታንኮራፋ፤ እኔ እንደሆነ ጸጥታው ሰልችቶኛል። አዲሱን አድራሻ አልጻፍኩልህም፤ ረስቼው አይደለም።

በል ደህና ሁን። ወገብህን ከብርድ ጠብቅ። ደጃችሁን ውሃ አይርገጠው። ትንሿንም ያሳድግላችሁ።

ከእንግዲህ እህትህ