ወርቅዬ ብቻዋን አትበላም

ለልጄ ለትዝታ፣ ሪያድ ይድረስ። የታቦር ኢየሱስ እንዴት አድርጎ ያዘሽ? እኛ ደህና ነን።

ጎረቤታችን ወርቅዬ ልጇ ዘንድ ባሕር ዳር ከርማ፣ በፓስታና በለስላሳ ሆዷ ተነፍቶ፣ ሰውነቷ መንምኖ ተመለሰች። ሐኪሙ «አንጀትዎ ውስጥ የሚጠቅሙ ረቂቅ ተሐዋስያን አሉ። የሚኖሩት እርስዎ በሚበሉት ነው፤ ገብስ፣ ባቄላና ጎመን ይስጧቸው» አላት። «ለካ ብቻዬን አይደለም የምበላው!» እያለች ትስቃለች። አሁንማ ድና ገበያ ትወጣለች።

ባለፈው በላክሽው ፎቶ ቀሚሱ ሰፍቶሻል። ለአባትሽ «የዘመኑ ስፌት እንዲህ ነው» አልኋቸው። ያኔ የገብስ በሶ የላክሁልሽም እንዲያው ይናፍቅሽ ይሆናል ብዬ ነው።

ትናንት ከእናንተ ዘንድ የተመለሰችው መሠረት መጣች። ፎቶውን ባሳያት «እትዬ ጌጤ፣ ይሄ ቀሚስማ አሁን ጠቧታል! በሶውን ማንም አይነካባትም፣ ሽሮውንም ሁለቴ ነው የምታስጨምር» አለችኝ። አባትሽ ሰምተው «ስፌቱ ተለወጠ በያ!» ብለው ሳቁብኝ።

ጤናሽን ያብዛልኝ።
እናትሽ ጌጤ፣ ከደብረ ታቦር